ሰረገላ፣ ሲሊንደር፣ ጓጉንቸር፦ የትኛው በር የትኛውን ይፈልጋል

አዳማ ላይ ቁልፍ ሰሪ ነኝ። ስልክ ይጮሃል፣ አንዱ "ቁልፌ ተበላሸብኝ" ይለኛል፣ እኔም ኪስህ ውስጥ ያለው ነው በሩ ላይ ያለው ስለው "ኧረ ቁልፉ ነው የምልህ!" ብሎ ይቆጣል። ምን ያድርግ፣ የሚከፍተውም ቁልፍ፣ የሚከፈተውም ቁልፍ፣ የሸሚዙም ቁልፍ፣ የሪሞቱም ቁልፍ። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ያለ ስልክ አንስቶ ቦኩ ሰፈር ድረስ በባጃጅ ሄዶ እጁን አጨብጭቦ ተመለሰ፣ ሰውየው የፈለጉት ሲሊንደር ብቻ ነው ልጁ የወሰደላቸው ሙሉ ሰረገላ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሱቃችን ውስጥ ስም ለየን። ኪስ የሚገባው መክፈቻ ነው፣ መክፈቻው የሚሰካበት ሲሊንደር ነው፣ በሩ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ምላሱን የሚያወጣው ሳጥን ሰረገላ ነው፣ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ በብሎን የሚታሰረው ተለጣፊ ነው፣ ተንጠልጥሎ የሚቆለፈው ደግሞ ጓጉንቸር። እዚህም በነዚሁ ስሞች ነው የምጽፈው፣ ሌላ ቦታ ሌላ ስም ካላቸው ይቅርታ።

ይሄ ጽሁፍ ሙያውን መልመድ ለጀመረ ልጅም ቤት ሰርቶ ወይ ተከራይቶ ቁልፍ ሊገዛ ለወጣ ሰውም ይሆናል፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የህንጻ መሳሪያ ሱቅ ገብተው "ጠንካራው የቱ ነው?" ይላሉ፣ ሻጩ ከባዱንና የሚያብለጨልጨውን ያወጣላቸዋል፣ ከዛ አልገጥም ሲል እኔ ጋ ይደወላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት በሩ ነው። እንጨት ነው ላሜራ ነው አልሙኒየም፣ ውፍረቱ ስንት ነው፣ ጸሀይ ይመታዋል ወይ፣ ንፋስ ያገኘዋል ወይ። አዳማ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፣ ከከተማው ዳር የቆሙት የንፋስ ማማዎች አንደኛው ጣቢያ 51 ሜጋዋት ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት፣ ያው ንፋስ የናንተንም በር ሲያላጋ ይውላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ጋ ከሌባ ይልቅ ንፋስ ነው ደንበኛ የሚያመጣልኝ።

መክፈቻውን አይቶ ውስጡን ማወቅ

ልጁን በር ከማስፈታቴ በፊት አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ መክፈቻ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ለየው አልኩት። ግማሽ ቀን ፈጀበት ግን ከዛ በኋላ ሰው መክፈቻውን ሲያሳየው በሩን ሳያይ ምን እንደሆነ ይገምታል።

ክብ ዘንግ ኖሮት ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ባንዲራ ያለችው የድሮዋ ነች፣ የመኝታ ቤትና የኩሽና በሮች ላይ አሁንም ሞልታለች። ባንዲራዋ ላይ ያሉት ቅርጾች ደረጃ ደረጃ ከሆኑ ሰረገላው ውስጥ ስስ ሳህኖች አሉ ማለት ነው፣ መክፈቻው ሲዞር እያንዳንዱን ሳህን ወደ ልክ ከፍታው ያነሳዋል፣ ካነሰም ከበዛም አይከፈትም። ይሄን አሰራር ሮበርት ባሮን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጅ 1778 ነው ያስመዘገበው። ደረጃ ሳይሆን ዝም ብሎ ክፍተት ብቻ ካለ ግን ሰረገላው ውስጥ ያለው እንቅፋት ብቻ ነው፣ መክፈቻው እንቅፋቱን ካለፈ አለቀ። ርካሾቹ ላይ ሳህን ቢኖርም አንድ ወይ ሁለት ስለሆነ የአንዱ ክፍል መክፈቻ ሌላውን ይከፍታል። ቤታችሁ ሞክሩት፣ የመኝታ ቤቱን ወስዳችሁ ኩሽናው ላይ፣ ብዙዎቻችሁ ትደነግጣላችሁ። ለውስጥ በር ችግር የለውም፣ ችግሩ አንዳንድ አከራይ ሰርቪስ ቤቶችን በሙሉ በዚህ ሰረገላ ሰርቶ ለየብቻ ሰው ማከራየቱ ላይ ነው።

ጠፍጣፋ ሆና ባንድ ጎኗ እንደ መጋዝ የተቆረጠችው አሁን በብዛት የምናየው ነች። ሲሊንደሩ ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፉ ትናንሽ ፒኖች አሉ፣ እያንዳንዱ ፒን ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፣ ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ክፍፍላቸው ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይገጥምና ውስጡ ይዞራል። ሀሳቡ የጥንት ግብጾች የእንጨት ቁልፍ ላይ የነበረ ነው፣ አሁን ያለውን ጠፍጣፋ መክፈቻ ይዞ የመጣው ግን አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ትንሹ ነው፣ በ1860ዎቹ ፈረንጅ። መክፈቻው ላይ ያሉትን ሸለቆዎች ቁጠሩ፣ የፒኑን ብዛት ይነግራችኋል። አምስት ወይ ስድስት ከሆነ ጥሩ፣ ሶስት ወይ አራት ከሆነ የመሳቢያ እንጂ የበር ብላችሁ አትግዙ።

ጎኗ ሳይቆረጥ ፊቷ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያላትም ፒን ነው ያላት፣ ብዙ ጊዜ ፒኖቹ ይበዛሉ ከሁለትና ከሶስት አቅጣጫም ይመጣሉ፣ ለመክፈትም ለመቅረጽም ከባድ ነች። ተራዋ የመቅረጫ ማሽን ከላይ ወደ ታች የሚቦረቡር ምላጭ ስለሌላት አትሰራትም፣ ስለዚህ ይሄን የምትገዙ ሰዎች ከካርቶኑ ጋ የመጡትን መክፈቻዎች አትጣሉ፣ አንዱን ጭራሽ ሳትነኩት አስቀምጡት። የቅጂ ቅጂ ሲቀረጽ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል፣ አራተኛው ላይ "እየነቀነቅክ ክፈተው" የሚባል መክፈቻ ይሆናል፣ እየነቀነቀ የሚከፍት ሰው ደግሞ መክፈቻውን ውስጥ ሰብሮ ይመጣል።

መስቀል የሚመስለው ባለ አራት ክንፉ ሰው ይወደዋል፣ ሲያዩት ያስፈራል። እኔ አልወደውም። ክንፉ ስለበዛ ብቻ ጠንካራ አይሆንም፣ ርካሹ በጣም ርካሽ ነው፣ አስቀርጹልኝ ስትሉም ማሽኑ ያለው ሰው ማግኘት አለባችሁ።

ቀጭኗ በሁለቱም ጎን የተቆረጠችው የመሳቢያና የቁም ሳጥን ነች፣ እለፏት። የመጨረሻዋ ግን ትገርማለች፣ ዘንጓ ግማሽ ክብ ሆኖ ጠርዟ ላይ በተለያየ ማዕዘን የተሞረደች፣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጓጉንቸር ላይ ነው የምትገኘው። ውስጧ ፒን የለም ስፕሪንግም የለም፣ የሚዞሩ ክብ ሳህኖች ናቸው ያሉት። ፊንላንድ ውስጥ ኤሚል ሄንሪክሰን በፈረንጅ 1907 የፈጠረው ነው፣ አብሎይ የሚባለው። ስፕሪንግ ስለሌለው የሚገትር ነገር የለም፣ እነሱ ለበረዶ ይወዱታል እኔ ደግሞ ለአዳማ አቧራ። ዋጋው ያማል።

ሰረገላ ወይስ ክብ እጀታ

ለእንጨት በር ሰው የሚያማርጠው በነዚህ ሁለት መሀል ነው። ክቡ እጀታ ኳስ የሚመስለው መሀሉ ላይ መቆለፊያ ያለው ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለመግጠም ቀላል ነው፣ 54 ሚሊ ቀዳዳ በትራፓኖ ከፍቶ ማስገባት ነው። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሀል ብዙ ጊዜ 60 ወይ 70 ሚሊ ነው፣ የሚስተካከል ምላስ ያለውን ከገዛችሁ ለሁለቱም ይሆናል። ለመታጠቢያ ቤት ከሱ የተሻለ የለም ባይ ነኝ፣ የመታጠቢያ ቤቱ አይነት ከውጭ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ወይ ስንጥቅ አላት፣ ህጻን ልጅ ከውስጥ ቆልፎ ሲያለቅስ በቀጭን ካቻቢቴ ትከፈታለች። በሩን ሰብረው የጠሩኝ ሰዎች አሉ፣ ቀዳዳዋን ሳሳያቸው ዝም ነው ያሉት።

ለመግቢያ በር ግን ክቡን እጀታ አትግጠሙ፣ አዳማ ላይ በተለይ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ መግቢያ በር ላይ የምትፈልጉት መክፈቻ ሲዞር የሚወጣው ድፍን ብረት ነው፣ ክቡ እጀታ ያለው ግን ሰያፏ በስፕሪንግ የምትሰራ ምላስ ብቻ ነች። ሁለተኛው ንፋስ ነው፣ ከውስጥ በኩል እጀታው መሀል ያለችው መቆለፊያ ተጭና ከሆነ በሩን ከፍታችሁ ቆሻሻ ልትደፉ ወጣ ስትሉ ጓ ብሎ ይዘጋና ውጭ ትቀራላችሁ፣ መክፈቻው ውስጥ፣ ስልክ ውስጥ፣ ምድጃው ላይ ሽሮ። ፍራንኮ አካባቢ አንዲት እናት በነጠላና በቤት ጫማ ጎረቤት ስልክ ለምነው እንዲህ ጠርተውኛል፣ "ልጄ ቶሎ ድረስልኝ ሽሮው አረረ" ብለው፣ ስደርስ ሽታው ደጅ ድረስ ወጥቷል፣ በሩን ከፈትኩ፣ ሽሮው ግን ከድስቱ ጋ አብሮ ሄዷል። በሳምንቱ ሰረገላ ገጠምኩላቸው።

ሰረገላው ላይ ሰያፏ ምላስም ድፍኑ ብረትም አብረው አሉ፣ እጀታውም ከውጭም ከውስጥም ይሰራል፣ ንፋስ ቢዘጋው በእጀታው ትከፍቱታላችሁ። መጥፎ ጎኑ መቦርቦሩ ነው፣ በሩን በመሮ ቆፍሮ የሚያስገባ ሰው እጁ ካልተረጋጋ ቀጭን በር ላይ ሳጥኑ ሁለቱን ወገን በስቶ ሊወጣ ይደርሳል። 40 ሚሊ የማይሞላ ወይም ሆዱ ባዶ የሆነ በር ላይ ሰረገላ ስገጥም ቅር ይለኛል፣ በሩ ራሱ በእርግጫ ይከፈታል እኮ።

ልኬቱን ካላወቃችሁ ግን ሰረገላ አትግዙ። ሶስት ነገር ነው። በሩ ጠርዝ ላይ ከሚታየው የሰረገላው ፊት ሰሌዳ እስከ መክፈቻው ቀዳዳ መሀል ያለው ርቀት የመጀመሪያው ነው፣ ለእንጨት 45፣ 50፣ 60 ሚሊ ይገኛል፣ ለአልሙኒየምና ለቱቦላሬ ብረት ደግሞ ጠባቡ ከ20 እስከ 35 ነው። ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው፣ ሰው ያማረ የእንጨት ሰረገላ ገዝቶ 40 ሚሊ ቱቦላሬ ውስጥ ግጠምልኝ ይላል፣ ከየት ይገባል? ሁለተኛው ከእጀታው ዘንግ መሀል እስከ ሲሊንደሩ ዘንግ መሀል ነው፣ 85 ሚሊ በጣም የተለመደ ነው፣ 72ም 92ም አለ፣ እሱ ካልተመሳሰለ የእጀታው ሰሌዳ አይገጥምም። ሶስተኛው የእጀታው አራት ማዕዘን ዘንግ ነው፣ ባብዛኛው 8 ሚሊ። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄ ሁሉ ሜትር አያስፈልግም፣ እሱ ነው ቀላሉ።

ሲሊንደር፣ ብዙ ሰው ችላ የሚለው

ተከራይ ሲወጣ፣ ሰራተኛ ስትለቅ፣ መክፈቻ ከነቦርሳው ሲሰረቅ ሙሉ ሰረገላ የሚያስቀይር ሰው ያናድደኛል፣ ለኔ ገንዘብ ቢሆንም። ሰረገላችሁ ውስጥ ያለው ሲሊንደር ከፊቱ ሲያዩት ራሱ ክብ ሆኖ ከስሩ እንደ እግር የወረደ ከሆነ፣ ክቡ 17 ሚሊ ቁመቱ 33 ሚሊ ነው፣ የአውሮፓ ቅርጽ የሚባለው እሱ ነው፣ ብቻውን ይቀየራል። የበሩን ጠርዝ እዩት፣ ሲሊንደሩ ትክክል ላይ አንድ ረጅም ብሎን አለ፣ እሱን ፈትቶ መክፈቻውን ከቀጥታው ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ሲሊንደሩ መሀል ያለችው ትንሽ ምላስ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከዛ ይሳባል። መክፈቻው በእጃችሁ ካለ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔን መጥራት ራሱ አያስፈልግም።

የሲሊንደር ርዝመት ከብሎኑ ቀዳዳ መሀል ወደ ሁለቱም ጎን ነው የሚለካው፣ 30 በ30 ማለት ባጠቃላይ 60 ሚሊ ነው፣ 30 በ40 ደግሞ 70፣ ስለዚህ 70 ነው የምፈልገው ብሎ መሄድ አይበቃም፣ 35 በ35ም 70 ነው። ረጅም ይሻላል ብላችሁ ደግሞ እንዳትገዙ። ከእጀታው ሰሌዳ ወደ ውጭ ከ3 ሚሊ በላይ ከወጣ ሌባ የሚይዘው ነገር ሰጣችሁት ማለት ነው፣ ሲሊንደሩ የሚሳሳው የብሎኑ ቀዳዳ ጋ ስለሆነ የሚሰበረውም እዛው ነው። አንድ ደንበኛዬ በጣም ውድ ጉድጓድ ጉድጓድ መክፈቻ ያለው ሲሊንደር አስገጥሞ አንድ ሳንቲ ተኩል ወጥቶ አየሁት፣ ከዛ በልኩ የተገጠመ ተራ ባለ አምስት ፒን ይሻለው ነበር።

ከውስጥ በኩል መክፈቻ ሳይሆን በእጅ የሚዞር ትንሽ እጀታ ያለውም አለ። ለመኖሪያ ቤት እሱን እመርጣለሁ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ወይ እሳት ተነስቶ መክፈቻ መፈለግ የለም። በሩ አጠገብ መስታወት ካለ ግን ተሰብሮ እጅ ይገባልና ሁለቱም ጎን መክፈቻ የሚፈልገውን ውሰዱ።

የግቢ በር

ላሜራ የግቢ በር ላይ ተለጣፊው ያሸንፋል፣ ከውስጥ በብሎን ይታሰራል፣ ከውጭ የሚታየው የሲሊንደሩ ፊት ብቻ ነው፣ ብዙዎቹ ሁለት ሶስት ጊዜ ሲዞሩ ብረቱ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ቀኝና ግራ አለው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ቆማችሁ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት እዩ፣ አንዳንዱ ይገለበጣል አንዳንዱ አይገለበጥም። ከበያጁ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ተስማሙ፣ ቁልፉ በሩ ላይ እያለ ብየዳ እንዳይጀምር። ሙቀቱ የውስጡን ስፕሪንግ ያለሰልሰውና አዲስ የተገዛ ቁልፍ በሶስተኛው ቀን ይነክሳል፣ ከዛ "ቻይና ነው" ይባላል።

ላሜራ ደግሞ ጸሀይ ሲመታው ያብጣል። ጠዋት እንደ ቅቤ የሚዘጋ በር ዘጠኝ ሰአት ላይ ትከሻ ካልገፋው አልዘጋም ይላል። የቁልፉ ጥፋት አይደለም፣ መቃኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሁለት ሶስት ሚሊ በሞረድ ማስፋት ወይ ማጠፊያውን ማስተካከል ነው፣ ቁልፍ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ልጁ አሁን በር ገፍቶ ጠዋት ነው ማታ የሚያስቸግረው ብሎ ሲጠይቅ ስሰማ ደስ ይለኛል።

ዘይት ነገር እዚህ ላይ ላንሳ፣ ሲሊንደር ውስጥ የምግብ ዘይት የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፣ የሞተር ዘይትም። ሳምንት በደንብ ይሰራል ከዛ የኛ አቧራ ይገባበትና ጭቃ ይሆናል። እርሳስ አምጡ፣ መክፈቻው ላይ ጥቁር እስኪሆን ፈትጉት፣ ሰክታችሁ ደጋግማችሁ አዙሩት፣ በቃ። የሰረገላው ምላስ ላይ ግሪስ ትንሽ ቢቀባ ግን ችግር የለውም፣ እሱ ሌላ ነው።

ጓጉንቸር

ለሱቅና ለመጋዘን አሁንም ጓጉንቸር ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው 50 ወይ 60 አብዛኛውን ጊዜ የአካሉ ስፋት በሚሊ ነው እንጂ የጥንካሬ ደረጃ አይደለም። ነሀስ ነው ብለው ሲሸጡላችሁ ማግኔት አስጠጉበት፣ ነሀስ አይስብም፣ አካሉን ከሳበው ቢጫ የተቀባ ብረት ነው፣ ቀለበቱ ቢስብ ግን ልክ ነው እሱ ብረት መሆን አለበት። ቀለበቱ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ረጅም ቀለበት ለቆራጭ መቀስ ቦታ ይሰጣል። ሳይቆለፍ መክፈቻውን የማይለቀውን አይነት ለሱቅ ውሰዱ፣ ዘግቻለሁ ብሎ ሳይቆልፍ የሚሄድ ሰራተኛ አይኖርም። እና የሚንጠለጠልበትን ብረት እዩት፣ ውድ ጓጉንቸር በሁለት ትንንሽ ሚስማር በተያዘ ቆርቆሮ ላይ ሰቅሎ የሚተኛ ነጋዴ ስንቱን አየሁ።

የጣት አሻራና ካርድ

ባጭሩ። በባትሪ የሚሰራው የጣት አሻራ መብራት ቢጠፋም ይሰራል፣ ብዙዎቹ በአራት ትንንሽ ባትሪ ነው የሚሄዱት፣ ከማለቁ በፊት ይጮሃል፣ ካለቀም ከውጭ ሃይል የሚሰጥበት ወይ በመክፈቻ የሚከፈትበት መንገድ ያለውን ብቻ ግዙ። ግድግዳ ላይ በመስመር የሚሰራው ማግኔት ግን መብራት ሲጠፋ ይለቃል፣ ለሰው ደህንነት ተብሎ እንደዛ ነው የተሰራው፣ ባትሪ መጠባበቂያ ከሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ቢሮው ክፍት ነው። ለግቢ በር ጸሀይና አቧራ ላይ የጣት አሻራ አልመክርም፣ ለአፓርታማ የውስጥ በር ይሁን።

ዋጋ ያልጻፍኩት በየወሩ ስለሚቀያየር ነው። ስትደውሉ ግን ዝም ብላችሁ "ቁልፌ" አትበሉኝ፣ ሶስት ፎቶ በቴሌግራም ላኩ፦ መክፈቻው ከጎን፣ በሩ ከፊት፣ እና የበሩ ጠርዝ ምላሱ የሚወጣበት፣ አጠገቡ ሜትር ወይ ማስመሪያ ይዛችሁ። ሶስተኛውን ነው ሰው ሁሌ የሚረሳው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።